ሦስት ቀን በጋምቤላ

አንባቢ ሆይ፤ የሦስት ቀን ዕረፍት ስታገኝ ጓደኞችህ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ላንጋኖ እንሂድ ይሉህ ይሆናል። እኔ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ፊትህን ወደ ምዕራብ መልስ እልሃለሁ። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፥ ጊዜህ አጭር ከሆነ በአውሮፕላን መሄድ ይሻልሃል። ከመነሣትህ በፊት የአገሩን ሰላም መሆን ጠይቅ፤ ስለ ወባ መከላከያም ሐኪም አማክር።

ስትደርስ መጀመሪያ የሚቀበልህ ሙቀቱ፥ ቀጥሎም ባሮ ነው። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፥ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ፈቀዱ፤ ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውልም በውሉ ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፥ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና እየጫኑ ይመለሱ ነበር። ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ወንዙን ከዳር ሆነህ ተመልከት እንጂ አትዋኝበት፤ በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ባልደረባ እዚያው ሲዋኝ አዞ ገድሎታል።

ወደ ማዕዱ እንለፍ። ለምሳ ከባሮ የወጣ ዓሣ እዘዝ፤ ጥብሱም ወጡም መልካም ነው። አኝዋ ቤት ከተጋበዝህ የበቆሎ ወይም የማሽላ ገንፎ ይቀርብልሃል። በኑዌር ዘንድ የምግብ ራስ ወተት ነው፤ ነገር ግን በልማዱ ግንባሩን በስድስት መስመር ተበጥቶ ለወንድነት የበቃ ጐልማሳ ላም አያልብም፤ ማለብ የሴቶችና የልጆች ሥራ ነው። ወይን ጠጅ ብትሻ የወይን ተክል አትፈልግ፤ ማጃንጎች ቀፏቸውን በጫካው ረዣዥም ዛፎች ላይ ሰቅለው ከሚቈርጡት ማር የሚጠመቀውን መጠጥ ቅመስ። በማግሥቱ የማንጎ ጥላ አይጠፋልህም።

ከምግቡ የሚበልጥ አንድ ነገር ግን አለ። ከደጋ የሚወርድ ብዙ ሰው የአገሬውን መልክና ጠባሳ እንደ ትርኢት ይመለከታል፤ ሳያስፈቅድም ፎቶግራፍ ያነሣል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በዚያ ከተማ ብዙ የአኝዋ ተወላጆች ተገድለዋል፤ ከገዳዮቹም መካከል ከደጋ የመጡ ሰዎች ነበሩበት። ምሳህን የሚያቀርብልህ ሰው በዚያን ሰሞን ወንድሙን የቀበረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከካሜራህ በፊት ሰላምታህን አስቀድም። ኑዌሩን «ማሌ» በለው፤ የአኝዋውን ሰላምታ ደግሞ ራሱ እንዲያስተምርህ ጠይቀው።

ምናልባት ነገ በመምህርነት ወይም በጸሐፊነት ወደዚያው ትመደብ ይሆናል። ያን ጊዜ ከመመደቢያ ደብዳቤህ ይልቅ፥ አብረህ የበላኸው ገንፎና የተማርኸው ሰላምታ በር ይከፍቱልሃል።