ቋሚ አድራሻ ግዙ ተባልን

ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር ጓደኛሞች ነን። በክረምቱ ዕረፍት በየትምህርቱ የያዝነውን ማስታወሻ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አከማቸንና ሌላው ተማሪ ባለበት ሆኖ በኢንተርኔት ያነበው ዘንድ አሰናዳን። ከቤት ሲከፍቱት ይታያል፤ ከግቢ ሲከፍቱት ግን ዝም ነው። ኢንተርኔቱን ለሚሰጠን ድርጅት ብንደውል «ቋሚ አይፒ ግዙ» ተባልን። ዋጋውን ሰምተን ስልኩን ዘጋነው።

ለመሆኑ ግዙ የተባልነው ምንድን ነው? በአገራችን ደብዳቤ የሚላከው በቤት ቁጥር ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ቋሚ አድራሻም እንደ ግል ሣጥን ነው፤ ቁጥሩ ዛሬም ነገም ያው ነው። ተለዋዋጩ ደግሞ ድርጅቱ ለጊዜው የሚያውሰን ሣጥን ሲሆን፣ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ወይም የውሰቱ ጊዜ ሲያልቅ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል። ይህ በራሱ የሚያስከፋ አይደለም። ፊልም ለሚያይ፣ መልእክት ለሚልክ ቤተሰብ የሚጎድልበት ነገር የለም። ቋሚ አድራሻ ፍጥነት ይጨምራል የሚባለውም ተራ ወሬ ነው። ከውጭ ተፈልጎ መገኘት የሚሻ ሰው እንኳ፣ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ በሚባለው ዘዴ ቁጥሩ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ የሚከተለው ስም ሊያወጣለት ይችላል።

የእኛ ነገር ግን ከዚህም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የራውተሩን ገጽ ከፍተን ብናይ አድራሻው በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው እ.ኤ.አ. በ2012 ለጋራ መጠቀሚያ የተለየ ስለሆነ፣ ብዙ ቤቶች በአንድ የውጭ ቁጥር ተዳብለናል ማለት ነው። እኛ ጽፈን ስንልክ በር ላይ ያለው ዘበኛ ማን እንደላከ መዝግቦ መልሱን ያመጣልናል፤ ያልተጠራ እንግዳ ሲመጣ ግን ለማን እንደመጣ ስለማያውቅ ከደጅ ይመልሰዋል። ለተዳባይ ያ ተከታይ ስም እንኳ አይረዳውም። ከመካከላችን አንዱ ቢያጠፋና ቁጥሩ በአንድ ድረ ገጽ ቢታገድ ደግሞ ቅጣቱ ለሁላችን ነው።

ድርጅቱ ይህን ያደረገው በክፋት አይመስለንም። የቀድሞው ዓይነት አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ሲሆን፣ የመጨረሻው ክምችት ለየአህጉሩ መዝጋቢዎች ተከፋፍሎ ያለቀው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ነው። ቀድሞ የደረሰ ሰፊ ይዟል፤ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፊሉን እስኪሸጥ ድረስ ከ16 ሚሊዮን በላይ ለብቻው ነበረው። (ለተማሪ ስንት ስንት እንደሚደርስ አንባቢ ያስላው!)

ቢሆንም ዝም የሚያሰኝ አይደለም። አይፒቪ 6 የተባለው አዲሱ አድራሻ ለየቤቱ ተርፎ የሚትረፈረፍ ሲሆን፣ የተነደፈውም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ድርጅቶች ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለየቤቱ ይስጡ፤ ውል ከማስፈረማቸውም በፊት አድራሻው የግል ይሁን የጋራ ይንገሩን እንላለን። ተማሪ የሌላውን ጽሑፍ እንዲያነብ ብቻ ተፈቅዶለት፣ የራሱን ከቤቱ እንዳያስነብብ መደረጉ አይዋጥልንም። በሩ ሲከፈት ቁልፍ ማበጀቱ፣ ይኸውም ፋየርዎሉና ጠንካራው የይለፍ ቃል፣ የእኛ ፈንታ ነው።

እስከዚያው ማስታወሻውን በፍላሽ እየገለበጥን ነው፤ የሚፈልግ ከ11 ሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ያገኘናል።