አቦሉ ትንሽ ይቆይ

ጅማ ውስጥ ከስታ የተመለሰች ሴት አድናቆት አይጠብቃትም። አዲስ አበባ ቢሆን «አምሮብሻል!» የሚላት አታጣም ነበር። እዚህ የጅማ መርካቶ ግን ገና ከባጃጅ ሳትወርድ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» ትባላለች። ሻሿ ሸርተት ብሎ የሳሳው ግንባሯ ከታየማ ጠያቂው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ስንት ቤት እንደዘጋ ያየ ትውልድ መክሳትንና የፀጉር መሳሳትን አንድ ላይ ሲያይ ወዴት እንደሚያስብ የታወቀ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ «ዓይን ነው» ይላል። ሁለቱም ከንፈር ይመጥጣሉ።

ባሕር ማዶ ሠርታ የተመለሰች አንዲት የጎረቤት ልጅ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና አስቀንሳ ነው የመጣችው። ለሰፈሩ «ዳይት ነው» ብላለች። ቁስሉ አላስቸገራትም፤ ያስለቀሳት ማበጠሪያው ነው። በየጠዋቱ የሚረግፈውን ፀጉር በፌስታል እያጠራቀመች ቆይታ አንድ ቀን አውጥታ አሳየችኝ። «ከነሥሩ እየተነቀለ ነው» አለች፣ በዘለላው ጫፍ ያለችውን ነጭ ነጥብ እየጠቆመች። ስለ ቁስሉም ስለ ምግቡም ተነግሯታል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድ ሰው አፉን አልከፈተላትም።

ያቺ ነጭ ነጥብ ሥር አይደለችም። ሥሩ እዚያው ቆዳው ውስጥ ነው። በራሳችን ላይ ወደ 100,000 የሚሆን ፀጉር አለ፤ እያንዳንዱ ዘለላ በየራሱ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ከዚያ ለሦስት ወር ገደማ ያርፍና ይወድቃል። ጤነኛ ሰው ላይ ከመቶው 85 ወይም 90 ያህሉ በማደግ ላይ ስለሆነ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ቢረግፍ ልብ የሚለው የለም። ሰውነት ሲደነግጥ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ታይፎይድና ወባ የሚያመጡት ከባድ ትኩሳት፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ ሁሉም ያስደነግጡታል። ያን ጊዜ ለልብና ለጉበት የሚያስፈልገውን ያስቀድምና ፀጉሩን በገፍ ወደ ዕረፍት ይሰደዋል። ከሦስት ወር በኋላ አብሮ ያረፈው አብሮ ይረግፋል። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን እ.ኤ.አ. በ1961 ቴሎጅን ኢፍሉቪየም ብሎ የጻፈለት ይህንኑ ነው። እናቶቻችን ደግሞ አራስ ቤት ከወጡ በኋላ በራሳቸው ላይ አይተውታል።

መርገፉ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ይቆማል። አዲሱ ፀጉር ግን በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ለዓይን እስኪሞላ ዓመት ይፈጃል። አሁን በየከተማው ወሬው የሆነው የክብደት መቀነሻ መርፌ፣ ሴማግሉታይድ፣ ከዚህ አያመልጥም፤ በተፈተነባቸው ሙከራዎች ከመቶ ተጠቃሚዎች 3 ያህሉ ፀጉራቸው ረግፏል፣ መድኃኒት አልባውን መርፌ ከወሰዱት ደግሞ 1 ያህሉ። ቢላ ባይነካትም ኪሎው በፍጥነት ከወረደ ፀጉሩ ይከተላል ማለት ነው።

መርካቶ ለዚህ መድኃኒት አያጣም። የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የጉሎ ዘይት፣ ሬት፣ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ፣ ለጋ ቅቤ። በቅቤ ላይ ክፉ አልናገርም፤ ፀጉር ያለሰልሳል፣ ደስም ይላል። ነገር ግን ሴትየዋ የምትደነግጠው በአራተኛው ወር፣ ዘይቱን የምትጀምረው በአምስተኛው፣ መርገፉ በራሱ ጊዜ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ምስጋናው ለዘይት ሻጩ ይሆናል። ይህን ያህል ዕድለኛ ነጋዴ እኔ አላየሁም።

የሚያሳስበኝ ከውጭ በሻንጣ የሚላከው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን ነው። እጥረቱ ለሌለበት ሰው ፀጉር እንደሚያበቅል ማስረጃ የለም። ብዙ ሲወሰድ ደግሞ አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያሳስታል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቆበታል። ከሚሳሳቱት አንዱ የታይሮይድ ምርመራ ነው፣ ፀጉሯ ለሚረግፍ ሴት ሐኪም የሚያዝላት ማለት ነው።

ወደ ገበታው እንምጣ። ጨጓራ ሲቀነስ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ መጀመሪያ ላይ የቀረው የሚይዘው ከሁለት ሲኒ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ውስጥ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንድታስገባ ይመከራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው፤ ስሌቱን ለእናንተ ትቻለሁ። ስለዚህ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ አሳው፣ ምስሩ፣ ወፈር ያለው ሽሮ ይቀድማሉ፤ እንጀራው ቦታ ከተረፈ ነው። ሰው ቤት ሄዳ ወጡን ብቻ እየለቀመች ስትበላ ብታዩ ባለጌ አትበሏት።

ለፀጉሩ ብረትም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ ነበረባቸው። አንዳንዷ ሴት ወደ ቀዶ ሕክምናው የምትገባው የብረት ጎተራዋ ጎድሎ ነው። አንጀቱን ጭምር በሚያዞረው ቀዶ ሕክምና ምግቡ ብረት በብዛት የሚመጠጥበትን የአንጀት ክፍል ዘሎ ያልፋል። «ጤፍ ብረት አለው» የሚለው መጽናኛም ሙሉ አይደለም፤ ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ቀላል ያልሆነው ከውድማ አፈር የተቀላቀለ ነው፣ ሰውነት ደግሞ ብዙ አይጠቀምበትም።

አሁን ጅማ ላይ መናገር የሚያስፈራውን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከሥጋ ምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚመጠጠውን ብረት 39 በመቶ ቀነሰው፤ ሻይ ደግሞ 64 በመቶ። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አልታየም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ አብሮ ከመጠጣት እኩል ሆነ። የእኛ ቤት ሥርዓት እንግዲህ የቱ ነው? ምሳ ተበልቶ እጅ ሳይደርቅ ረከቦቱ ይቀርባል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ብረት ለሚጎድላት ሴት ከዚህ የባሰ ሰዓት የለም፤ የእኛ ጀበና ደግሞ ከአሜሪካው ስኒ የሚቀጥን አይመስለኝም።

ጎማ ጮጬ ላይ ካልዲ ቡናን አገኘ ብሎ በሚያምን አገር «ቡና ተዪ» የሚል ሰው ይታዘንለታል እንጂ አይሰማም። እኔም አልልም። ቡናው ከምሳ በፊት ይሁን፣ ወይም ወደ አሥር ሰዓት ይገፋ፤ የብረት ክኒን ካላትም ከቡናም ከወተትም ይራቅ። አጠገቡ ቃሪያ ወይም ብርቱካን ቢኖር ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዛል። በጫት ግን አልደራደርም፤ ምግብ የሚያስጠላ ነገር ሁለት ሲኒ ለቀረው ጨጓራ ምን ይጠቅመዋል?

ጾሙም ይነሳል፤ ረመዳን ለታመመ ፈቃድ አለው፣ ለዐቢይ ጾምም የንስሐ አባት ይጠየቃሉ። ሽሮውና ምስሩ በጾምም ስላሉ እዚህ ላይ ብዙ አልጨነቅም።

ሹሩባ ሠሪዎች ግን ስሙኝ። በዚህ ጊዜ ጥብቅ ቀጭን ሹሩባ መሥራት፣ ፀጉር መቀጠል፣ ካውያ ማድረግ፣ ሁሉም የሚተርፈውን ይጎትታል። የረገፈው ፀጉር ይመለሳል፤ በመጎተት ለዓመታት የተጎዳ የግንባር ዳር ላይመለስ ይችላል። ላላ አድርጎ መጎንጎን፣ ማሳጠር፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ፣ ዊግም ቢሆን ችግር የለበትም። በግንባሯ ዳር አጫጭር ፀጉር ቆሞ ብታዩ በጄል አታስተኙት፣ በክርም አታስገቡት፤ አዲሱ እሱ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ወር በኋላ የጀመረ ወይም ዓመት ያለፈው መርገፍ፣ እንደ ላሽ ክብ ሆኖ የሚታይ፣ የሚያሳክክና የሚቆስል ሁሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ይፈልጋል። በደም ምርመራ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን፣ ዚንክ፣ ፎሌት፣ ቢ12፣ ታይሮይድ ይታያሉ። እዚህ ላይ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ተጣልተናል ማለት ይቻላል። ጅማ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ለእሱም «ዳይት ነው» አለችው። ለሰፈሩ እንዲያ ብትል መብቷ ነው፣ እኔም አላጋልጣትም። ሐኪሙ ግን የከሳችና ፀጉሯ የሚረግፍ ሴት ፊቱ ስትቀመጥ ሳንባ ነቀርሳ ይፈልጋል፣ የአንጀት ትል ይፈልጋል፣ ኤች አይ ቪ ይመረምራል፤ የተቆረጠ ጨጓራ ግን አይጠረጥርም። ከውጭ ይዛው የመጣችውን የሆስፒታል ወረቀት ከሻንጣው አውጥታ ይዛለት ትሂድ። ጨጓራው ብቻ ተቆርጦ እንደሆነ፣ አንጀቱም ተዞሮ እንደሆነ የተጻፈው እሱ ላይ ነው፤ ምን እንደሚጎድላት የሚያውቀውም ከዚያ ተነሥቶ ነው።