የሕንድ ቅመም በድሬዳዋ ማዕድ ቤት

በድሬዳዋ ከተማ ከሥራ ውሎ በኋላ ወደ ቤት መመለስ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ፀሐይዋ ብትጠልቅም ሙቀቱ ከግድግዳው ላይ ገና አልወረደም። ከፋብሪካ፣ ከቢሮ ወይም ከሱቅ የምትመለሰው እናት በአንድ እጇ ቦርሳዋን፣ በሌላው ዘንቢሏን ይዛ ስትገባ ልጆቹ «ዛሬ ምን እንበላለን?» ብለው ይቀበሏታል። ሥጋ እንዳትገዛ ዋጋው፣ ወጥ እንዳትሠራ ሰዓቱ፣ የትናንቱን እንዳትደግም የልጆቹ ፊት ይከለክላታል።

ለዚህች እናት ዛሬ የምናቀርበው ምክር ከሩቅ አገር የመጣ ቢመስልም፣ እውነቱን ለመናገር ከተማችን ከቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ በደጃችን የኖረ ነው። ይኸውም የሕንድ አገር አበሳሰል ነው። ብዙዎቻችን «የሕንድ ምግብ» ሲባል ውድ ሆቴልና በቆርቆሮ የታሸገ ቅመም ይታየናል። ነገር ግን ዋነኞቹ የሕንድ ቅመሞች በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ያሉ፣ ምግቡም በአመዛኙ ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንችና ሩዝ በመሆኑ ለሠራተኛ ቤተሰብ ኪስ የሚስማማ ነው። ለጾመኛውም ቢሆን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የሚሠራው የምግብ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ማዕዱን አያጎድልም።

ከየት መጣ?

እንደሚታወቀው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሲደርስ ነው። ከሐዲዱ ጋርም የግሪክ፣ የአርመን፣ የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች ወደ ከተማዋ ገብተዋል። ሕንዶቹ ግን ወደዚህ አካባቢ መምጣት የጀመሩት ከባቡሩ አስቀድሞ ነው። ከእነርሱም መካከል መሐመድአሊ የተባለው የንግድ ድርጅት ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ በሐረር፣ ኋላም በሌሎች ከተሞች ሲነግድ ቆይቶ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. ተዘግቷል። ከዚያም በኋላ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን በአገራችን ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል።

ሰው ሲመጣ ድስቱንም ይዞ ይመጣልና፣ ይህ ሁሉ ንግድና ጉርብትና በምግባችን ላይ አሻራውን ትቷል። በቀፊራ ገበያ ዙሪያና በየመንደሩ ጥግ ሲጠበስ የምናየው ባጂያ ስሙን ያገኘው ሕንዶቹ ከሚጠብሱት «ባጂያ» ነው። ሳምቡሳም ቢሆን ከፋርስ ምድር ተነሥቶ ግማሹ ወደ ሕንድ፣ ግማሹ ወደ ዓረብ አገር የሄደ ምግብ በመሆኑ፣ የእኛው ሳምቡሳና የሕንዱ «ሳሞሳ» የአንድ አያት ልጆች ናቸው። የእኛ ምስር ወይም ሥጋ ሲይዝ፣ የእነርሱ በአብዛኛው ድንችና አተር ይይዛል። ስለዚህ የድሬዳዋ እናት የሕንድን ምግብ ስትሠራ እንግዳ እየተቀበለች ሳይሆን የቆየ ጎረቤቷን እየጠየቀች ነው ማለት ይቻላል።

ስሙን ለይቶ ማወቅ

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያዎችን የሚያሳስት ነገር ስላለ በጥንቃቄ ያንብቡ። በሕንድ አበሳሰል ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቅመም ከሙን ነው። አንዳንዶች ከሙንን ነጭ አዝሙድ ነው ብለው ይወስዱታል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። የከሙን ፍሬ ረዘም ያለና ቡናማ ሲሆን፣ ነጭ አዝሙድ ግን ደቃቅና ክብ ቀረብ ያለ፣ ጠረኑም ወደ ጦስኝ የሚያደላ ነው። ይህች ጸሐፊ ራሷ በመጀመሪያ ሙከራዋ አንድ ሙሉ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ በከሙን ፈንታ ጨምራ፣ ቤተሰቡ በሙሉ መድኃኒት የተሰጠው ያህል ፊቱን አጨማዶ እንደተነሣ አትረሳውም። ሕንዶችም ነጭ አዝሙድን ያውቁታል፤ የሚጨምሩት ግን በቁንጥር ነው።

ሁለተኛው ሄልና ኮረሪማ ነው። ሄል ትንሹ አረንጓዴ ፍሬ ሲሆን፣ ኮረሪማ ግን የራሳችን ምድር ያበቀለችው፣ ፍሬው ተለቅ ያለ የሄል ዘመድ ነው። ሄል ከጠፋ ኮረሪማ ሊተካው ይችላል፤ ጣዕሙ ግን ጠንከር ስለሚል መጠኑን መቀነስ ይገባል። ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ አብሽ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ግን ሕንዶቹም እኛም የምንጠቀምባቸው ስለሆኑ ችግር የለም። እርድም ቢሆን በቴፒ አካባቢ በስፋት የሚመረት የአገራችን ምርት ነው። በአጭሩ፣ በሱቅ «ማሳላ» ተብሎ የሚሸጠው እሽግ ድብልቅ ቅመም ማለት ስለሆነ፣ በቤት ሊዘጋጅ ለሚችል ነገር ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

የቤት ውስጥ ድብልቅ

የሚያስፈልገው፦ 4 የሾርባ ማንኪያ የድንብላል ፍሬ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ከሙን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ፣ ጣት የምታህል ቀረፋ፣ 8 ፍሬ ሄል።

አሠራሩ፦ ቅመሙን ለቅመው ካጸዱ በኋላ ያለ ዘይት በደረቅ መጥበሻ፣ በለዘበ እሳት እያማሰሉ ያምሱ። ሽታው ቤቱን ሲሞላ፣ ማለትም ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያውጡት። ካረረ ይመርራልና ከእሳቱ አይራቁ። ከቀዘቀዘ በኋላ በሙቀጫ ወቅጠው ወይም ፈጭተው በሚከደን ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጡ። በድሬዳዋ ሙቀት የተፈጨ ቅመም ሽታው ቶሎ ስለሚበን ብዙ አያዘጋጁ፤ ለሁለት ወር የሚበቃ ይበቃል። ጠርሙሱም ከምድጃ አጠገብና ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት ይራቅ።

ምስር በሕንድ አሠራር

የሚያስፈልገው (ለ6 ሰው)፦ 2 ብርጭቆ የምስር ክክ፣ 6 ብርጭቆ ውኃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ እርድ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን፣ 1 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ 2 ቲማቲም፣ 1 ቃሪያ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ከድብልቁ ቅመም፣ 1 ሎሚ፣ ጨው።

አሠራሩ፦ ምስሩን አጥበው ከእርዱ ጋር በውኃው ይጣዱ። አረፋውን እየገፈፉ እስኪፈርስ ድረስ፣ 25 ደቂቃ ያህል ያብስሉ። እዚህ ላይ ከእኛ ወጥ ጋር ያለውን ልዩነት ያስተውሉ። እኛ ሽንኩርቱን አስቀድመን እናቁላላና ሌላው ሁሉ ከላዩ ይገባል። ሕንዶቹ ግን ምስሩን ለብቻው ያበስሉና ቁሌቱን በመጨረሻ ያፈሱበታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ምስሩ በአንዱ ምድጃ ላይ ሲበስል እናት ልብሷን ልትቀይር፣ የልጆቹን ደብተር ልታይ ትችላለች።

ምስሩ ሊደርስ ሲል በትንሽ መጥበሻ ዘይቱን ያግሉና ከሙኑን ይጨምሩ። ከሙኑ ቷ ቷ ብሎ ሽታ ሲሰጥ ሽንኩርቱን፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን፣ በመጨረሻም ቲማቲሙን፣ ቃሪያውንና ድብልቅ ቅመሙን ያስገቡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ የጨመረ ሰው ሽንኩርቱ ጥሬ፣ ቅመሙ ያረረ ይሆንበታል። ቲማቲሙ ሲፈርስ ሁሉንም በምስሩ ላይ ገልብጠው፣ ጨው ጨምረው 5 ደቂቃ ያንተክትኩት። ሲያወጡ ሎሚውን ይጭመቁበት።

ዕድሜው ከስድስት ወር ያለፈ ሕፃን ካለ፣ ጨውና ቃሪያ ከመግባቱ በፊት ምስሩን ቀንሰው በሚገባ አልመው ሊመግቡት ይችላሉ። የሕንድ ምግብ ሁሉ ያቃጥላል የሚለው አስተሳሰብም ትክክል አይደለም። በርበሬና ቃሪያ ከአሜሪካ ምድር የተገኙ ናቸው፤ ሕንድ የደረሱትም በ16ኛው ምዕተ ዓመት በፖርቱጋሎች አማካይነት ነው። ከዚያ በፊት ሕንዶች የሚጠቀሙት ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ነበር። ስለዚህ ቃሪያውን ቢተዉት ምግቡ የሕንድነቱን ጣዕም አያጣም።

ሩዝና ድንች

ለ3 ብርጭቆ ሩዝ 5 ብርጭቆ ያህል ውኃ ይበቃል። ሩዙን ውኃው እስኪጠራ አጥበው፣ ቁራጭ ቀረፋና 3 ፍሬ ሄል ጨምረው፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው 15 ደቂቃ ከድነው ያብስሉት፤ ካወረዱትም በኋላ 10 ደቂቃ ሳይከፍቱ ይተውት።

ድንቹ ደግሞ ለምሳ ዕቃ የሚመች ነው። 1 ኪሎ ድንች ቀቅለው ይላጡና ይቁረጡ። በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ከዚያ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና ጨው ጨምረው ድንቹን ያገላብጡበት። በእንጀራ፣ በዳቦም ይበላል። የተረፈውን በማግስቱ በሳምቡሳ ሊጥ ጠቅልለው ቢጠብሱት ልጆች ይወዱታል።

ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ነገሮች

አንደኛው የእርዱ ነገር ነው። በባንግላዴሽ አንዳንድ አዘጋጆች የእርዱ ቢጫነት ደምቆ እንዲታይ እርሳስ ያለበት ቀለም ይቀቡት እንደነበር ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረጉ በኋላ፣ በተወሰደው ብርቱ ቁጥጥር ድርጊቱ በእጅጉ ቀንሷል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ በሽታም ሆነ ጣዕም አይታወቅም። ቀለሙ ይቀባ የነበረው ሳይፈጭ በሥሩ ላይ ጭምር ስለሆነ፣ «ያልተፈጨ ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ከተቻለ ከሚያውቁት ነጋዴ፣ የሚያብረቀርቀውንና ከልክ በላይ የደመቀውን ትተው፣ ደብዘዝና ሻከር ያለውን ሥር ገዝተው፣ አጥበውና አድርቀው ያስፈጩ። ልጅን ለማጣፈጥ ብለን የምንጨምረው ልጅን የሚጎዳ እንዳይሆን፣ ገበያ ላይ ጠይቆ መግዛት ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። የበሰለ ሩዝ ሳይበርድ ውጭ ካደረ፣ እሳት ያልገደላቸው የተሕዋስያን ዘሮች በሙቀቱ ይራቡና ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላሉ። እንደገና ማሞቅም መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ በድሬዳዋ የተረፈውን ሩዝ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አያቆዩ፤ ጠፍጠፍ ባለ ዕቃ አብርደው ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቡት። ማቀዝቀዣ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይሻላል።

ሦስተኛው ሻይ ነው። ምስር ለደም የሚያስፈልገውን የብረት ንጥረ ነገር ይዟል። ሎሚውና ቲማቲሙ ሰውነት ይህን ንጥረ ነገር እንዲቀበል ያግዛሉ። ከማዕዱ ጋር ወይም ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ያግደዋል። በተለይ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሻይዋን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ብታዘገየው፣ ያበሰለችው ምስር በከንቱ አይቀርም።

በመጨረሻም አባቶችን የሚመለከት አንድ ቃል አለን። ከላይ እንዳያችሁት በዚህ አሠራር ምስር መልቀም፣ ድንች መላጥ፣ ቅመም መውቀጥ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። ሙያ በልብ ነውና፣ ከሥራ አስቀድሞ የገባ አባት ምስሩን ጥዶ ቢጠብቅ፣ ትልቁ ልጅም ነጭ ሽንኩርቱን ልጦ ቢያቆይ እናት ስትደርስ የቀረው ቁሌቱ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ «ዛሬ ምን እንበላለን?» የሚለው ጥያቄ ከእናት ትከሻ ወርዶ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል። ምድጃው ያለው በአንድ ቤት፣ የሚበላውም በአንድ ማዕድ ነውና፣ ድካሙም እንዲሁ በአንድነት ሊሆን ይገባል።

መልካም ማዕድ ይሁንላችሁ።