ቁርስና ቁራሽ

እንግሊዞች በቁርሳቸው ላይ የሚያካሂዱት ክርክር ማብቂያ የለውም። የአሳማው ሥጋ፣ ቋሊማው፣ እንቁላሉና እንጉዳዩ ብዙም አያጣላም፤ ጠቡ የሚነሣው በቲማቲም ስጎ የበሰለው ቦሎቄና ተከትፎ የተጠበሰው ድንች ሳህኑ ላይ ሲታዩ ነው። «ይህ ከጥንቱ የለም፤ ይውጣ!» ይላል አንዱ ወገን። ቦሎቄው ዘሩ ከአሜሪካ ነው፤ ሄይንዝ የተባለው ኩባንያም በቆርቆሮ አሽጎ ለእንግሊዞች ሸጦታል። ሆኖም ዛሬ ያለ እርሱ ቁርሱ ቁርስ የማይመስለው እንግሊዛዊ ብዙ ነው። ይህን ክርክር ባነበብሁ ቁጥር ጥያቄው ወደ ራሳችን ገበታ ይዞርብኛል፤ ለመሆኑ እኛ «ባህላዊ ቁርስ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከመገናኛ ወደ ካራ በሚወጣው የኮተቤ መንገድ ዳር ወዳሉት ቁርስ ቤቶች ጎራ ያለ ሰው ይህን ርእስ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። ከሥሩ ጨጨብሳ በቅቤና በማር፣ ገንፎ፣ ቅንጨ፣ አንዳንዴም ፈጢራ ይሰለፋሉ። «ስፔሻል» የተባለውን ያዘዘ ደግሞ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ በአንድ ሳህን ያገኛቸዋል። ፍርፍር ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ርእስ ሥር የለም፤ ወረድ ብሎ፣ ዋጋውም ቀለል ብሎ ከተራዎቹ ምግቦች ጋር ተመድቧል። የምሟገተው ከዚህ አመዳደብ ጋር ነው። በእኔ እምነት በባህላዊ ቁርስ ራስ ላይ መቀመጥ የሚገባው ፍርፍር ነው፤ ያውም ካደረ እንጀራ የተሠራው።

አንደኛው ምስክሬ ቋንቋው ነው። እንግሊዛዊው ጠዋት የሚሰብረው ጾሙን ነው፤ ቁርሱን የሚጠራበት ቃል ትርጉሙ ይኸው ነውና። በእኛ ዘንድ ጾም ይፈታል፤ የሚቆረሰው እንጀራውና ዳቦው ነው። ቁርስ፣ መቁረስ፣ ቁራሽ፤ ሦስቱም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ቆርሶ መስጠት፣ ቆርሶ ማጉረስ እንላለንና በቃሉ ውስጥ የሁለተኛ ሰው እጅ ያለበት ይመስለኛል። ወደ ምግቦቹ ስም ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ፍርፍር «ፈረፈረ» ከሚለው ግሥ ነው። ጨጨብሳ በኦሮምኛ መሰባበርን ከሚያመለክተው ቃል የመጣ ነው፤ በአማርኛም ቂጣ ፍርፍር እንለዋለን። ቅንጨ የተከካ ስንዴ ወይም ገብስ ነው። እንቁላሉ እንኳ ወደ ጠዋት ገበታችን የሚመጣው «እንቁላል ፍርፍር» ተብሎ ነው። እንደ ኮተቤ ባለ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች አጥር ለአጥር በሚኖሩበት ሰፈር፣ ሁለቱም የጠዋቱን ምግብ በመሰባበሩ መጥራታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ፉልስ? ስሙም አሠራሩም ከዐረቡ ዓለም የመጣ ነው፤ «የእኛ አይደለም» የሚሉ ወዳጆችም አሉኝ። እኔ ግን አላስወጣውም። ባቄላው ከደጋው ገበሬያችን ማሳ የሚታፈስ ነው፤ ተደቁሶ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ሲቀርብ የሚበላውም ዳቦ እየተቆረሰ ነው። ዘር ከቆጠርንማ በርበሬም አይተርፈንም። እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ በርበሬን ከአሜሪካ ምድር ውጭ የሚያውቀው አልነበረም። ያለ በርበሬ ደግሞ ምን ፍርፍር አለ? ስለዚህ ባህላዊነት ከየት መጣ በሚለው ብቻ አይለካም፤ ገበታው ላይ እንዴት ኖረ የሚለውም ይጠየቃል።

ፍርፍርን ያስናቀው «ያደረ» የምትለው ቃል ትመስለኛለች። እንግዳ ፊት ያደረ እንጀራ ማቅረብ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ጠዋት ግን የራሱ ሕግ አለው። ምጣድ በየቀኑ አይጣድም፤ አንዴ የተጋገረው እንጀራ በመሶብ ውስጥ ቀናት ይቆያል። ትኩሱ ድስት ውስጥ ሲገባ ይላቁጣል፤ ያደረው ግን ወጡን መጥጦ ቅርጹን ይጠብቃል። ከዚያም አልፎ የደረቀው ድርቆሽ ይባልና ስንቅ ሆኖ ባሕር ይሻገራል። የጤፍ ዋጋ እንዲህ በናረበት ዘመን አንዲት ቅዳጅ እንጀራ ሳትጥል ቤተ ሰቧን አብልታ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የምትሸኝ እናት የምትሠራው የብልሃት ምግብ ነው፤ ልናፍርበት አይገባም። እንግሊዞቹም ቢሆኑ፣ ተከትፎ የተጠበሰው ድንች ይውጣ ከሚሉት መካከል በምትኩ ይግባ ብለው የሚሟገቱለት ከትናንት ራት የተረፈውን የድንችና የጎመን ጥብስ ነው። እነርሱ የትናንቱን ሲያከብሩ እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው ምስክሬ የዘመን መቁጠሪያው ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ በቅቤ የራሰው ጨጨብሳ፣ እንቁላሉና ወተቱ ከጿሚው ገበታ ይርቃሉ። ፍርፍር ግን በዘይትና በበርበሬ ቁሌት ወይም በሽሮ ተሠርቶ ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት ከች ይላል። ፍስክ ሲገባ ያው ፍርፍር በቅቤ ወይም በሥጋ ወጥ ይመለሳል። ከጾሙም ከፍስኩም ጋር የሚኖር ምግብ ባህላዊ ካልተባለ ምን ይባል?

በኮተቤ ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ አቅራቢያ ጠዋት ጠዋት የማየው ነገር ክርክሬን ያጸናልኛል። ሁለት ሦስት የቀን ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሳህን ፍርፍር ያዝዛሉ። ከጎኑ እንጀራ ይመጣል፤ እንጀራን በእንጀራ ጠቅልለው ይበላሉ። ለባዕድ ዓይን ይህ እንቆቅልሽ ነው። እኔ ግን ቁርስ የሚለው ቃል በሙሉ ትርጉሙ ሲፈጸም የማየው በዚያች ሳህን ዙሪያ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ፍርፍር በራስጌ ይቀመጥ፤ ጨጨብሳና ቅንጨ በግራ በቀኙ፤ ገንፎም መካከሉ ጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ፈስሶበት፣ ከየአቅጣጫው ለሚቆርሱት ይቅረብ፤ ፉልም እንግዳ መባሉ ቀርቶ ቤተኛ ይሁን። ከምግቦቹ አንዱንም አላስወጣም። የማስወጣው ሁሉን ከየዓይነቱ ቆንጥሮ ለአንድ ሰው ብቻ የሚያቀርበውን «ስፔሻል» ሳህን ነው። አባቶቻችን ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብለዋል፤ ቁርስም ለሌላው ካልተቆረሰ ስሙ ብቻ ይቀራል።