ትኩሳት በስንት ስም ይጻፋል?

አንድ የጂቡቲ መስመር ሾፌር አለ እንበል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አዲስ አበባ ጀምሮ ሎግያ ላይ አለቀበት። በእጁ ያለው ወረቀት ላይ «1ጄ» ተብሎ ከተጻፈ ግማሹ ሥራ አልቋል። የሎግያዋ ነርስ ያዘዘለትን ሐኪም ባታውቀውም ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር እየወሰደ እንደነበር ታውቃለች። 1ጄ ጎንደርም ጅማም ያው ነው። ቀደም ሲል ብዙ ሰው ይወስደው የነበረው 1ኢ ደግሞ በዶሉቴግራቪር ፈንታ ኤፋቪረንዝ ያለበት ነው። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ይህ አጻጻፍ በየጤና ተቋሙ ሠርቷል። ብዙው በወረቀትና በእስክሪብቶ ነው የተሠራው።

ይኸው ሾፌር ሰርዶ ላይ ትኩሳት ቢይዘውስ?

ሰርዶ ከሠመራ ወደ ጋላፊ ሲኬድ የምትገኝ ትንሽ የአፋር የመንገድ ከተማ ናት። እዚያ ያየው ባለሙያ «ትኩሳት» ብሎ ሊጽፍለት ይችላል። ሠመራ ሲደርስ ሌላው «ኤኤፍአይ» (አጣዳፊ የትኩሳት ሕመም) ይላል። ሦስተኛው ደም ሳያስመረምር «ወባ» ብሎ መድኃኒት ያዝለታል። አራተኛው የዊዳል ምርመራ ውጤት አይቶ «ታይፎይድ» ይላል፤ ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን ለማረጋገጥ ብዙ እንደማይታመን እያወቀም ቢሆን። አንድ ሰው፣ አንድ በሽታ፣ አራት መዝገብ፣ አራት ስም። መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ብናዞረው አራቱ ስሞች እንዳሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባሉ። ስለ ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ስንነጋገር ታብሌቱ፣ ኔትወርኩና ሶላሩ ላይ እናተኩራለን፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሳጥኑ ውስጥ የሚጻፈው ነገር ነው።

አፋር ላይ ይህ የጽሕፈት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በተደረገ ፍተሻ ሠመራም አዋሽ ሰባት ኪሎም ተገኝታለች። ነባሯ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ትጠብቃለች። ይህቺኛዋ በበርሜል፣ በሮቶ፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ በበጋም በከተማ መሀልም አለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት ወባ ሲነሳ ተመራማሪዎች ያገኟት እሷን ነው። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝም እዚያው በርሜል ውስጥ ትፈለፈላለች። ሁለቱ በሽታዎች ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ፣ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። ደንጊ የያዘውን ሰው «ያው ትኩሳት ነው» ብሎ ዲክሎፌናክ መርፌ መውጋት ለመድማት ያጋልጠዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ ትኩሳት ከሆነ ደግሞ ካላአዛር መጠርጠር አለበት። እነዚህ ሁሉ በአራት ስም ከተበታተኑ ሠመራ ላይ ሳምንታዊ ሪፖርቱን የሚያየው ሰው የሚያገኘው አራት ትናንሽ ቁጥር ነው፤ ወረርሽኙን አያየውም።

የሚሠራበት ነገር ጠፍቶ አይደለም። በሽታን በአንድ ዝርዝር መመደብ ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን እ.ኤ.አ. በ1893 ካቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ጀምሮ ሲሻሻል የመጣ ሥራ ነው። 11ኛው ዓለም አቀፍ ምደባ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እኛም የራሳችን ብሔራዊ የበሽታዎች ምደባ አለን፤ የየተቋሙን ቁጥር የሚሰበስብልን ዲኤችአይኤስ 2 አለን። ሆኖም ዲኤችአይኤስ 2 በዋናነት የሚቀበለው ድምር ነው። ስንት ሰው እንደታመመ ይነግረናል፤ ሾፌሩን አያውቀውም። ምደባ ለቆጠራ ይበቃል፤ በሽተኛውን ለማከም ከዚያ የረቀቀ መዝገበ ቃል ያስፈልጋል። ስኖሜድ ሲቲ የሚባለው ከ350 ሺህ በላይ ጽንሰ ሐሳቦችን ይዟል። ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር የፈለጉትን ያህል መጠሪያ። አንዱ ባለሙያ በአማርኛ፣ አንዱ በአፋርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ምህጻር ቢፈልገው የሚደርሰው እዚያው ቁጥር ላይ ነው። ለአፋርኛ ተናጋሪ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ነገር አይታየኝም።

ለአፋር ሕዝብ ደግሞ ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ዳጉ በሚባለው ባህላዊ የወሬ ልውውጣቸው ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ የሰውና የከብት ሕመሙን በቅደም ተከተል ይጠያየቃሉ፤ ተናጋሪውም በዓይኔ አየሁ ወይም ከእገሌ ሰማሁ ብሎ መለየት አለበት። ያላየውን አየሁ ያለ ይጠየቅበታል። መዝገባችን ላይ የጠፋው ይኸው ልዩነት ነው። በማይክሮስኮፕ ወይም በፈጣን ምርመራ የታየ ወባና በግምት የተጻፈ ወባ አንድ መስመር ላይ ይቀመጣሉ።

የባለሙያው ጥያቄ ይገባኛል። ደጅ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ እያለ፣ በዚያ ሙቀት፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ ከ350 ሺህ ቃል ውስጥ ማን ይመርጣል? ማንም አይመርጥም፤ እንዲመርጥም መጠየቅ የለበትም። 1ጄ የሠራችው አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነች ነው። ትልቁ መዝገበ ቃል ከኋላ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊቱ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ዝርዝር ይምጣለት።

ስለዚህ ሥራው በትኩሳት ብቻ ይጀመር። የክልሉ ጤና ቢሮ ከሰርዶ፣ ከሎግያ፣ ከዱብቲና ከአዋሽ የሚያክሙትን ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፤ የሠመራ ዩኒቨርሲቲ የጤና መምህራንም ይቀመጡ። የተረጋገጠ ወባ ከነዝርያው፣ የተጠረጠረ ወባ፣ የተረጋገጠ ደንጊ፣ የተጠረጠረ ደንጊ፣ የተጠረጠረ ካላአዛር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት። ዝርዝሩ ሲጸድቅ የመጨረሻዋ መስመር እንዳትሰረዝ አደራ እላለሁ። አላወቅሁም ብሎ የሚጽፍበት ቦታ ያጣ ባለሙያ ታይፎይድ ብሎ ይጽፋል።