በወደብ ብቻዋን ለምትውል እናት

የቤተ ሰብ ጉዞ ሲታሰብ የስንቁ፣ የመሳፈሪያው ገንዘብና የማደሪያው ነገር አስቀድሞ ይመከርበታል። ከቤተ ሰቡ አንዱ ብቻውን የሚውልበት ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዛሬ ለውድ አንባብያን የምናቀርበው ስለዚህ ሰዓት ነው።

የመንገዱን ሰላም ጠይቆ፣ በወላይታ ከምትገኘው ከዲምቱ ተነሥቶ፣ በሶዶና በአዲስ አበባ በኩል የጣናን ገዳማት ሊሳለም የሚሄድ ቤተ ሰብ ባሕር ዳር እስኪደርስ ከ800 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ይጓዛል። እንዲህ ያለው ጉዞ ለብዙዎች በዕድሜ አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው። በሐይቁ ላይ 37 ያህል ደሴቶች ሲኖሩ፣ ከእነርሱ መካከል ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ በጥንታዊ ሥርዓታቸው ሴቶችን አያስገቡም። ስለዚህ ጀልባው ዳጋ ሲደርስ አባትና ወንዶች ልጆች የዐፄ ፋሲል ዐፅም ወዳረፈበት ገዳም ይወጣሉ፤ እናት ግን የሁሉን ጓዝ ታቅፋ በወደቡ ትቀራለች።

የገዳሙ ሥርዓት የተከበረ ነው፤ በእርሱ ላይ የምንናገረው የለንም። የምንናገረው ለቤቱ አባወራ ነው። ሥርዓቱ ሴት ወደዚያ ደሴት አትግባ አለ እንጂ ቀኗን በከንቱ ታሳልፍ አላለም። ይህን ያህል አገር አቋርጣ የመጣችን እናት የጓዝ ጠባቂ አድርጎ መመለስ ትልቅ በደል ነው።

መላው ግን ቀላል ነው። ከዳጋ ብዙ በማይርቀው በደቅ፣ ሴቶችም የሚሳለሙት ናርጋ ሥላሴ አለ። ይህን ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በነገሡበት ጊዜ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በመቅደሱ ግድግዳም እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ዘውድ የጫኑት ሴት እንደ ማንኛዋም ምእመን ወድቀው መታየታቸው፣ ቆማ ለምትመለከት እናት ብዙ ይናገራል። እንዲሁም ወንዶቹ ክብራንን ሲሳለሙ፣ እናት በአጠገቡ ባለው በእንጦስ ኢየሱስ ልትቆይ ትችላለች። በዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ባልና ሚስት ሳይለያዩ የሚሳለሟት ናት።

ይህ እንዲሆን ነገሩ ከመሳፈር በፊት ከጀልባው ባለቤት ጋር ይቆረጥ። እናት የት እንደምትወርድ፣ በስንት ሰዓትም እንደምትወሰድ በግልጽ ይነገር። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁን ስለሚያናውጥ ጉዞው በማለዳ ቢሆን ይመረጣል። ከስንቁ ድርሻዋ፣ ከገንዘቡም ለጧፍና ለምጽዋት የሚሆን በእጇ ይሰጣት። ወንዶቹን ልጆች አባታቸው ይያዛቸው።

ለእናቶችም አንድ ቃል አለን። ብቻ መዋል ለለመደው ሰው እንጂ ለባለ ቤት እመቤት እንግዳ ነገር ነውና መጀመሪያ ልብ ሊሸበር ይችላል። ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። አንዱን ቤተ ክርስቲያን ተሳልማችሁ፣ ሥዕሉን በዝግታ ተመልክታችሁ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ዐረፍ በሉ። ማንም ውኃ ስጪኝ የማይልበት ጸሎት በቤት ዘወትር አይገኝም።

ማታ በጀልባው ላይ ባል በዳጋ ያየውን፣ ሚስት በናርጋ ያየችውን ትንገረው። ዲምቱም ሲመለሱ ጎረቤት ለቡና ተሰብስቦ ስለ ጣና በጠየቀ ጊዜ፣ እናት የምትተርከው የራሷ ነገር ይኖራታል።