ሥራ የምትውል እናትና የጡት ወተቷ

ሐኪሞች ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ምግብ እንዳይቀምስ ይመክራሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን ከወለደች በኋላ የሚፈቅድላት ዕረፍት 90 ቀን ነው። የቀረውን ሦስት ወር እንደምን ታድርገው?

ጡት ካልታለበ ያግታል፤ ወተቱም እየነጠፈ ይሄዳል። ስለዚህ በሥራ ላይ ሳለች በየሦስት ሰዓቱ እጇን ታጥባ በንጹሕ ዕቃ ትለበው። ሙቀት በማይበዛበት ቤት 4 ሰዓት፥ በማቀዝቀዣ 4 ቀን ይቆያል፤ ለሕፃኑም በሲኒ ይሰጠዋል።

ነገር ግን ከሰው ዓይን የምትሸሸግበት ስፍራ ከሌላት ምክራችን ከንቱ ነው። የመሥሪያ ቤት አለቆችም መዝጊያ ያላት አንዲት ክፍልና ጥቂት ደቂቃ እንዲፈቅዱላት እናሳስባለን። ከሥራው የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ ሕፃኑ የሚያጣው ግን ኋላ አይተካም።